አራት ሰው መች አጣን?

ወልቂጤ ውስጥ አንድ የሰባ ዓመት አባት «ኑዛዜ መጻፍ እፈልጋለሁ» ቢሉ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ምን አመማቸው?» ነው። ቡታጅራም ያው ነው። ሁለተኛው ጥያቄ የሚቀርበው ለልጆቻቸው ነው፤ «ማናችሁ ናችሁ አባታችሁን በቁማቸው ልትወርሱ የቸኮላችሁት?» በእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች መካከል ነገሩ ተዳፍኖ ይቀራል። አባት ዝም ይላሉ፣ ልጆችም ዝም ይላሉ። ወረቀቱ የሚጻፈው አባትየው እጃቸውን ማንሳት ባቃታቸው ዕለት፣ በአልጋቸው ዙሪያ፣ በሌላ ሰው ቃል ነው። ወይም ጨርሶ አይጻፍም።

ነገሩን ከስሙ ጀምረን የተሳሳትነው ይመስለኛል። ኑዛዜ፣ ውክልና፣ ስጦታ፣ ሞግዚት... እነዚህን ቃላት ስንሰማ ሁላችንም የምናስበው ከቀብር በኋላ ስላለው ድርሻ ነው። እኔ ዛሬ መጻፍ የፈለግኩት ከቀብር በፊት ስላሉት ዓመታት ነው። ጉልበት ከከዳበት፣ «አንተ የማን ልጅ ነህ?» የሚለው ጥያቄ ለገዛ ልጅ መቅረብ ከጀመረበት ቀን አንስቶ እስከ መጨረሻው ቀን ድረስ ስላሉት ዓመታት። የፊት ለፊቱን ሱቅ ማን ያከራያል? ኪራዩን ማን ይቀበላል? ለመድኃኒት የሚሆነውን ብር ከባንክ ማን ያወጣል? እማማስ ማን ጋ ይቀመጡ? ሕጋችን ለአብዛኞቹ መንገድ አለው። መንገዱ የሚሠራው ግን ባለቤቱ አእምሮው ሳይደክም ተናግሮ፣ ተጽፎ፣ ተፈርሞ ከተቀመጠ ነው።

በአያቶቻችን ዘመን እነዚህ ዓመታት አጭር ነበሩ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ የኢትዮጵያዊ አማካይ ዕድሜ ሃምሳ አይሞላም ነበር፤ ዛሬ ስልሳን ተሻግሯል። እሰየው ነው። ግን ከዕድሜው ጋር ስኳሩም ግፊቱም መርሳቱም አብረው ረዝመዋል። ልጆቹ ደግሞ የሉም። መርካቶ ናቸው፣ ሐዋሳ ናቸው፣ ሳውዲ ናቸው፣ አሜሪካ ናቸው። ጉራጌ ልጁን ሰዶ የሚኖር ሕዝብ ነው፤ በዚህም ኮርተናል። ኩራቱ ቤት ውስጥ አንድ አሮጊትና አንዲት ሠራተኛ ብቻ ሲቀሩ ምን እንደሚመስል ግን ብዙ አናወራም።

«የእኛ አገር ልጅ እናቱን አይጥልም» የሚለኝ ሰው አይጠፋም። እውነት ነው፤ አብዛኛው አይጥልም። ቢሆንም በ2002 ዓ.ም. የተመሠረተው መቄዶንያ ውስጥ ያሉት አረጋውያን ሁሉ ልጅ ያልወለዱ አይደሉም። ደግሞም የእኔ ጥያቄ ከመጣልና ካለመጣል በፊት ይመጣል። ስድስት ደጋግ ልጆች በአንዲት እናት ጉዳይ ላይ ሳይስማሙ ሲቀሩስ?

አንድ ቤት አውቃለሁ፣ ቡታጅራ ውስጥ። ስም አልጠራም። እናትየው ስድስት ወልደዋል። አምስቱ በየአገሩ ተበትነዋል፤ አንዷ ትዳሯ ሲፈርስ ተመልሳ እናቷ ጋ ገባች። ገብታም አሥራ አንድ ዓመት አስታመመች። በመጨረሻዎቹ አራት ዓመታት እናትየው መታጠብም መብላትም በእሷ እጅ ነበር። ቡና በተፈላ ቁጥር ለጎረቤቱ ሁሉ «ይቺ ቤት የሷ ናት፤ ሌሎቹ እግዜር ሰጥቷቸዋል» ይሉ ነበር። ሰፈሩ በሙሉ ሰምቷል። እኔም ሰምቻለሁ።

እናትየው ሲያርፉ ሰፈሩ የሰማው ነገር ምንም አልፈየደም። ስድስቱም የወራሽነት ማስረጃ አወጡ፣ ቤቱ ተሸጠ፣ አስታማሚዋ አንድ ስድስተኛዋን ይዛ ኪራይ ቤት ፍለጋ ወጣች። ክፉ ሰው የለበትም፤ ይህን አስምሩልኝ። ወንድሞቿና እኅቶቿ የሰረቁት ነገር የለም፤ ሕጉ የሰጣቸውን ነው የወሰዱት። ኑዛዜ ከሌለ ልጆች በእኩል ይወርሳሉ፤ አሥራ አንድ ዓመት ያጠበችውም፣ በዓል በመጣ ቁጥር ስልክ የደወለውም እኩል ናቸው። ፍርድ ቤት ሄዳ ብትከራከር ኖሮም ዳኛው የሚጠይቃት «ወረቀትሽ የታለ?» ብሎ ነው።

«ግን እኮ በቃል ተናዘውላታል!» ትሉ ይሆናል። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን የቃል ኑዛዜን ያውቃል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው ይህ ሕግ እስከዛሬ ውርሳችንን የሚዳኘው ነው፤ የቃል ኑዛዜን ግን በጣም አጥብቦ ነው ያስቀመጠው። ሰውየው ሞቱ መቃረቡ ተሰምቶት በሁለት ምስክሮች ፊት የሚናገረው ነው። በዚያም ቢሆን ሊናገር የሚችለው ስለ ቀብሩ ሥርዓት፣ አካለ መጠን ላልደረሱ ልጆቹ ስለሚያስፈልገው አሳዳሪ፣ እና ከ500 ብር ስለማይበልጥ ስጦታ ብቻ ነው። አዎ፣ አምስት መቶ ብር። በ1952 አምስት መቶ ብር ብር ነበር፤ ዛሬ አንድ ኪሎ ሥጋ እንኳ በወጉ አይገዛም። ተናዛዡ ድኖ ከተነሣ ደግሞ ኑዛዜው በሦስት ወር ይፈርሳል። እንግዲህ ያቺ እናት በአሥራ አንድ ዓመት ቡና ላይ የተናገሩት ሁሉ በሕግ ዓይን የቡና ወሬ ነበር።

ታዲያ ምን ያስፈልጋቸው ነበር? የሚያስቆጨኝ እዚህ ላይ ነው፤ የሚያስፈልገው በጣም ትንሽ ነገር ነው። ሕጉ «በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ» የሚለው አለ። እናትየው ይናገራሉ፣ ሌላ ሰው ይጽፋል። ከዚያ በእሳቸውና በአራት ምስክሮች ፊት ይነበባል። መነበቡና ቀኑ እዚያው ወረቀቱ ላይ ይጻፋል። እሳቸውም ምስክሮቹም ወዲያው ይፈርማሉ፣ ወይም የጣት አሻራ ያኖራሉ። ማንበብና መጻፍ የማይችሉ እናት በአሻራቸው ኑዛዜ ማድረግ ይችላሉ ማለት ነው። ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ፣ የፍርድ ቤት ሬጅስትራር ወይም ሰነድ አዋዋይ ከሆነ ሁለት ምስክር ይበቃል።

አራት ሰው! ለቅሶ ስንደርስ ድንኳን የሚሞላ ሕዝብ፣ ለዕቁብ ዳኛና ጸሐፊ የሚመርጥ ሕዝብ፣ በ1950ዎቹ መርካቶ ላይ ተሰባስቦ የመንገድ ማኅበር አቋቁሞ፣ ገንዘብ አዋጥቶ ወደ አገሩ መንገድ ያስገባ ሕዝብ፣ ለእናቱ አራት ምስክር አጣ?

ከዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ብዙ ኑዛዜ የሚወድቀው በሐሰት አይደለም፣ በትንንሽ ጉድለት ነው። «ተነቧል» የሚለው ቃል ሳይጻፍ ይቀራል። ምስክሮቹ ቤታቸው ሄደው በማግስቱ ይፈርማሉ። ባልና ሚስት ተዋደው በአንድ ወረቀት ላይ አብረው ይናዘዛሉ፤ ይህ ከሁሉም በላይ ያሳዝነኛል፣ ምክንያቱም ሕጉ ሁለት ሰው በአንድ ጽሑፍ የሚያደርገውን ኑዛዜ አይቀበልም። አርባ ዓመት በአንድ ማዕድ የበሉ ሰዎች ለኑዛዜ ሁለት ወረቀት ያስፈልጋቸዋል። ተናዛዡ በገዛ እጁ ብቻውን የጻፈው ኑዛዜም ይጸናል፤ ግን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በእሱ እጅ የተጻፈ፣ ኑዛዜ መሆኑን የሚናገር፣ በየገጹ ቀንና ፊርማ ያለበት መሆን አለበት። በሰባት ዓመት ውስጥ ሰነድ አዋዋይ ጋ ወይም ፍርድ ቤት ካልተቀመጠም ዋጋ ያጣል። ሳጥን ውስጥ፣ ከጋቢ ሥር የከረመ ኑዛዜ ስንት እንዳለ እግዜር ይወቅ።

ያቺ እናት ለአስታማሚዋ ልጅ የተለየ ድርሻ መስጠት ይችሉ ነበር። ሌሎቹን ግን ያለ ምክንያት ባዶ እጃቸውን መስደድ አይችሉም፤ ልጅን መንቀል የሚፈልግ ወላጅ ምክንያቱን ኑዛዜው ላይ መጻፍ አለበት፣ ምክንያቱም ሚዛን የሚደፋ መሆን አለበት። በጣም ያዘመመ ክፍፍልም ለክርክር በር ይከፍታል። ስለዚህ «ሁሉንም ለሷ» ከማለት «የጓሮው ቤትና ግቢው ለሷ፣ የፊት ሱቆቹ ለሌሎቹ» ማለት ይሻላል። በነገራችን ላይ ኑዛዜ እንደ ጋብቻ ቃል ኪዳን አይደለም። ያልተመቻቸው ዕለት ይሽሩታል፣ ሌላ ይጽፋሉ። ልጅቷ ከተለወጠችባቸው ወረቀቱም ይለወጣል። ይህን የሚያውቁ አረጋውያን ጥቂት ናቸው። ብዙዎቹ «ከፈረምኩ አለቀልኝ» ብለው ነው የሚፈሩት።

በእርግጥ ከፈረሙ የሚያልቅላቸው ወረቀትም አለ። እሱም ስጦታ ነው። ኑዛዜ ሞትን ይጠራል ብለው የሚፈሩ አባቶች ስጦታን ግን እንደ በረከት ያዩታል። «በቁሜ ልስጥ፣ ልጄ ይመርቀኝ» ብለው ቤቱን ያዛውራሉ። ስም ከዞረ በኋላ ግን ባለቤቱ ልጁ ነው። ልጁ ደግ ቢሆን እንኳ ሚስት አለችው፣ ዕዳ አለበት፣ ባንክ አለበት። ቤቱ በዕዳ ሲያዝ አባትየው በገዛ ቤታቸው እንግዳ ናቸው። ስጦታ የተቀበለ ሰው ሰጪው ቢቸገር የመቀለብ ግዴታ እንዳለበት ሕጉ ይናገራል፤ ግን ሽምግልና ላይ ደርሶ የገዛ ልጁን በቀለብ የሚከስ ጉራጌ አሳዩኝ። መብቱ አለ፣ ቀለብም ከልጅ በፍርድ ቤት ሊጠየቅ ይችላል፤ ሐፍረቱ ግን ከመብቱ ይበልጣል።

መስጠት የግድ ከሆነ «አላባ» የሚባል ነገር አለ። ቃሉ የሕግ መጽሐፍ ቃል ነው፣ በየመንገዱ አይሰማም። ትርጉሙ ቀላል ነው፤ ቤቱን ለልጄ ሰጥቻለሁ፣ በሕይወት እስካለሁ ድረስ ግን የምኖርበት እኔ ነኝ፣ ኪራዩንም የምበላው እኔ ነኝ። ይህ ከቤቱ ማስረጃ ጋር ተመዝግቦ ከተቀመጠ ልጁ ቢሸጠውም የአባትየው መብት አብሮ ይሄዳል። ደግሞ ያስታውሱ፣ የቤት ስጦታ እንደ ግልጽ ኑዛዜው ተመሳሳይ ሥርዓት ይፈልጋል፤ ያው አራት ምስክር፣ ያው ንባብ፣ ያው ፊርማ።

አላባን ያነሣሁት ለሌላም ጉዳይ ነው፤ ለሚስት። ብዙ ሰው «ባሏ ሲሞት ሚስት ትወርሳለች» ብሎ ያስባል። አትወርስም። በጋብቻ ውስጥ ከተፈራው ንብረት ግማሹ የራሷ ነው፣ ያ ውርስ አይደለም፣ ድርሻዋ ነው። የባልየው ግማሽ ግን ኑዛዜ ከሌለ ለልጆቹ ይሄዳል። ልጆቹ የእሷም ከሆኑ ብዙውን ጊዜ ይታገሣሉ። የእሷ ካልሆኑስ? በኛ ነጋዴ ወገን አገር ቤት አንድ ትዳር፣ ከተማ አንድ ትዳር የነበራቸው አባቶች ጥቂት አይደሉም፤ ነውር ስለሆነ አንናገረውም እንጂ። እንዲህ ያለ አባት ሲያርፍ የሰባ ዓመቷ ባልቴት መጀመሪያ ሚስት መሆኗን ነው የምታስረዳው። ጋብቻዋ በሽማግሌ የተፈጸመ ነው፣ ወረቀት የለውም። የልደት፣ የጋብቻና የሞት ምዝገባ በአገር ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው፤ እሷ ያገባችው ከዚያ ብዙ ዓመት ቀደም ብላ ነው። ምስክር ጠርታ ታስረዳ ይሆናል። ከዚያ ደግሞ ግማሽ ቤት ውስጥ ከማታውቃቸው ልጆች ጋር ትከፋፈላለች። ባልየው በሕይወቱ ሳለ «እሷ እስካለች ድረስ ቤቱ ላይ የአላባ መብት ይኑራት» የምትል አንዲት መስመር በኑዛዜው ቢያኖር ኖሮ ከዚያ ቤት ማንም አያስወጣትም ነበር።

ወደ ውክልና ልሂድ፤ ከሁሉም በብዛት የሚሠራበት እሱ ነውና። አንድ ልጅ ከአዲስ አበባ ይመጣል፣ እናቱን ደግፎ ወደ ሰነድ ማረጋገጫ ይወስዳል። ሠራተኛው እናትየውን ይጠይቃል፤ «እማማ፣ ለማን ነው የሚወክሉት? ምን እንዲሠራ?» እናትየው መልስ ካጡ ሠራተኛው ይመልሳቸዋል። ልጁ ይናደዳል፤ «ቢሮክራሲ!» ይላል። እኔ ግን ከሠራተኛው ጋር ነኝ። የፈራሚውን ችሎታ ማረጋገጥ ሥራው ነው። የሚፈርመው ሰው የሚፈርመውን ካላወቀ ያ ወረቀት የእናትየው ሳይሆን የልጁ ነው።

ውክልና ላይ ሦስት ነገር ልብ ይባል። አንደኛው፣ «ጠቅላላ ውክልና» የሚባለው ሁሉን አይጠቀልልም። ለማስተዳደር ነው፤ ኪራይ ለመቀበል፣ ግብር ለመክፈል። ቤት ለመሸጥ ወይም ለማስያዝ ልዩ ሥልጣን በስም መጠቀስ አለበት። ስለዚህ እናቶቻችን ከመፈረማቸው በፊት «መሸጥ መለወጥ» የምትለዋን ቃል ይጠይቁ። ጸሐፊዎች ከልማድ የተነሣ ይጨምሯታል። ሁለተኛው፣ ተወካይ ለወካዩ ኑዛዜ ማድረግ አይችልም፤ ኑዛዜ ሰው ራሱ ብቻ የሚያደርገው ነገር ነው። ሦስተኛው ከሁሉም የከፋ ነው። ውሉ ሌላ ካላለ በቀር ወካዩ ችሎታ ሲያጣ ውክልናውም ያበቃል። አስቡት፤ ልጁ ውክልና የያዘው እናቱ ሲደክሙ እንዲጠቅማቸው ነው፣ ሲደክሙ ግን ወረቀቱ አብሮ ይደክማል። ይህን ለማስቀረት ገና በጤናቸው ሳሉ ውክልናው ችሎታ ቢያጡም እንደሚቀጥል በግልጽ መጻፍ አለበት። ውክልናውን የሚጽፈው ሰው ይህን አይጠይቃችሁም፤ እናንተ ጠይቁ።

ካልተጻፈ የሚቀረው መንገድ ፍርድ ቤት ነው። በፍርድ እንዲከለከሉና ሞግዚት እንዲሾምላቸው ማመልከት። ራሳቸው፣ የትዳር ጓደኛቸው፣ ዘመድ ወይም ዓቃቤ ሕግ ሊያመለክት ይችላል። ይህ መንገድ ክፉ አይደለም፣ ዳኛ ያለበት ስለሆነ ከጓዳ ስምምነት ይሻላል። ግን «እናቴን እብድ ናት ብዬ ልመስክር?» የሚለው ጥያቄ ብዙ ልጆችን ከፍርድ ቤቱ በር ይመልሳቸዋል። ተመልሰውም ምን ያደርጋሉ? የእናታቸውን ጣት ቀለም ላይ ይጫናሉ። ይህን የማያውቅ ካለ ከተማችንን አያውቅም።

ነጋዴ ለሆኑ ወላጆች ይህ ሁሉ ከመንግሥት ሠራተኛ ይልቅ ይከብዳል። መምህር የነበረ ሰው ስልሳ ሲሞላው ጡረታ አለው፣ ትንሽም ቢሆን በየወሩ ትመጣለች፣ ማንም አይሸጥበትም። በጡረታ አዋጆቻችን የሚጠቀመው ደመወዝተኛ ነው። የቡታጅራና የወልቂጤ አብዛኛው ሽማግሌ ግን የማንም ደመወዝተኛ ሆኖ አያውቅም። የነጋዴ ጡረታው ሱቁ ነው። ሱቁ ከእጁ በወጣ ማግሥት ጡረታው ቆመ ማለት ነው።

አሁን ወደ ገጠሩ መሬት። ብዙዎቻችን አዲስ አበባ ተቀምጠን «የአባቴ እንሰት» እንላለን። መሬት በሕገ መንግሥቱ የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ የሚተላለፈው የመጠቀም መብቱ ነው። በ1997 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የገጠር መሬት አዋጅ መብቱ በውርስ የሚተላለፈው ለ«ቤተሰብ አባል» ነው ይል ነበር፤ የቤተሰብ አባል ማለት ደግሞ ከባለይዞታው ጋር በቋሚነት የሚኖርና መተዳደሪያውን የሚጋራ ማለት ነበር። ሠላሳ ዓመት መርካቶ የኖረ ልጅ በዚያ ትርጉም ቤተሰብ አልነበረም! ያ አዋጅ በ2016 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1324 ተተክቷል። አዲሱ ለእናንተ ጓሮ ምን እንደሚል ከወረዳው መሬት ጽሕፈት ቤት ጠይቁ፤ አባታችሁ በሕይወት እያሉ፣ የይዞታ ደብተሩ ላይ የማን ስም እንዳለ እያያችሁ። አያት ከሞቱ ሃያ ዓመት አልፎ ደብተሩ ገና በአያት ስም የሆነ ቤት ሞልቷል።

«ይህን ሁሉ ሽማግሌ ይጨርሰዋል፤ ወረቀት የኛ አይደለም» የሚሉ አሉ። ሽማግሌን አልንቅም። የጆካ ቂጫና የጎርደና ሴራ ያለው ሕዝብ ሕግን ከአውሮፓ አልተማረም። ግን ሁለት ነገር ማለት አለብኝ። አንደኛ፣ በባህላችን መሬትና ቤት የወንድ ልጅ ነበር፤ ሴት ልጅ ለባሏ ቤት እንደተሠራች ትቆጠር ነበር። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ጾታ በውርስ ላይ ለውጥ አያመጣም ይላል፣ ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 35 ሴቶች በውርስ እኩል እንዲታዩ ይደነግጋል። አስታማሚዋ ልጅ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ሴት ናት። የቃቄ ወርድወት የጆካን ሸንጎ በትዳር ጉዳይ የሞገተች የኛው ሴት ናት፤ ስሟን በቴአትር እያጨበጨብን እኅቶቻችንን ከግቢ ማስወጣት አይሄድም። ሁለተኛ፣ ሽማግሌና ወረቀት ጠላት አይደሉም። ሕጉ የሚጠይቀው አራት ምስክር ነው። ከሰፈሩ አራት የተከበሩ፣ በውርሱ የማይጠቀሙ፣ ቋንቋውን የሚሰሙ ሽማግሌዎች ከመቀመጥ የተሻለ ምስክርነት የት አለ? ሽማግሌው ከሞት በኋላ ለማስታረቅ ከሚጠራ፣ ከሞት በፊት ለመፈረም ቢጠራ ሥራው ግማሽ ይቀልለታል።

ቡታጅራ ላይ ሌላም ጉዳይ አለ። ከተማዋ ዛሬ የምስራቅ ጉራጌ ዞን መቀመጫ ናት፣ ከነዋሪዋም ሙስሊሙ ጥቂት አይደለም። ወገኖቹ በፈቃዳቸው ወደ ሸሪዓ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላሉ፤ ሕገ መንግሥቱ በቤተሰብ ጉዳይ ይህን ፈቅዷል። እዚያ ድርሻው አስቀድሞ የተወሰነ ነው፣ ሚስትም ድርሻ አላት፣ ወሲያም ከንብረቱ ሲሶ አይበልጥም፣ ለወራሽም አይደለም። ታዲያ ለአስታማሚዋ ልጅ ማሰብ የፈለገ አባት ከቃዲው ጋር በጤናው መመካከር አለበት። «ፈቃድ» የምትለዋ ቃልም ቀላል አይደለችም፤ እኅት ሳትጠየቅ «ተስማምታለች» የተባለበትን ጉዳይ ሰምቻለሁ።

ቤተሰብ መቼ ተቀምጦ ይነጋገር? የኛ ነገር ደስ የሚለው ቀጠሮው የተቆረጠ መሆኑ ነው። ክርስቲያኑ ለመስቀል፣ ሙስሊሙ ለአረፋ አገሩ ይገባል። መኪና በሙሉ ወደ ቡታጅራና ወደ ወልቂጤ ይነጉዳል፣ ቤቱ ይሞላል፣ ክትፎው ይቀርባል። ከመላው ዓመት ልጆች ሁሉ በአንድ ጣሪያ ሥር የሚገኙበት ሳምንት ያ ነው። በዚያ ሳምንት ስለ መኪና ዋጋ፣ ስለ ዶላር፣ ስለ ማን ልጅ ሠርግ እናወራለን። አንድ ከሰዓት ለዚህ ማዋል ያቅተናል?

እንዴት ይጀመራል የሚለው ከባድ ነው፤ አውቃለሁ። በትልቁ ልጅ ባይጀመር እመርጣለሁ፤ ትልቁ ልጅ ሲጀምር ሌሎቹ ይጠረጥራሉ። በድርሻም አይጀመር። «አባባ፣ ቤቱን ለማን ይሰጣሉ?» ብሎ የጀመረ ልጅ መስቀሉን አበላሽቷል። የሚሻለው «አባባ፣ ቢደክሙ ማን ጋ መሆን ይፈልጋሉ? ኪራዩን ማን ይሰብስብልዎት? ማንን ያምናሉ?» ነው። አባባ ሊቆጡ ይችላሉ። ይቆጡ። ቀጥሎ ያለው መስቀል ላይ ራሳቸው ያነሡታል፤ ሲያነሡትም ያየሁ ነኝ። ሲመልሱ ልጆቹ ዝም ብለው ይስሙ፣ አይከራከሩ። ተወካይ ሁለት ልጆች ቢሆኑ፣ አንዱ ያለ ሌላው ከባንክ እንዳያወጣ ቢጻፍ፣ ዓመቱን ሙሉ የገባና የወጣ በደብተር ቢያዝ መልካም ነው። ለዕቁብ የያዝነውን ደብተር ማለቴ ነው።

ስለ አስታማሚዋም በዚያው ይነሣ፤ እሷ ራሷ አታነሣውም። ቡና እያፈላች ትሰማለች። ሥራ ትታ፣ ትዳር አዘግይታ፣ ዓመታቷን እዚያ ግቢ ውስጥ የጨረሰችው እሷ ናት፤ ከሩቅ ያለነው በላክነው ብር ነገሩን የጨረስን ይመስለናል። ቢያንስ በየወሩ የሚከፈላት ነገር ይወሰን፣ ወላጅ ሲያርፍም የምትኖርበት ክፍል ይታወቅ። ወላጅ በአንደበቱ «ይቺ ክፍል የሷ ናት» ካለ፣ በዚያው ሳምንት የሰፈሩ አራት ሽማግሌዎች አረቄ ሳይቀርብላቸው፣ ገና በጠዋቱ ይጠሩ። ወረቀት የሚጽፍ ልጅ አይጠፋም፤ ወልቂጤ ሕግ የሚያስተምር ዩኒቨርሲቲ አላት። ሲያልቅ ይነበብ፣ መነበቡ ይጻፍ፣ ቀኑ ይጻፍ፣ ሁሉም እዚያው ይፈርሙ። አንዱ ቅጂ ፍርድ ቤት ይቀመጥ፤ ሌላውን አባባ ሳጥናቸው ውስጥ ያኑሩት፣ ቁልፉንም ራሳቸው ይያዙት።